ሸሚዙ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ
ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እና ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ግዛት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲፕሎማት አይደለሁም፤ የምጣኔ ሀብት ምሁርም አይደለሁም። የአገሬን ዕቃ በባዕድ መደርደሪያ ላይ ባየሁ ቁጥር ደስ የሚለኝ፣ ሲጠፋብኝ ደግሞ ለምን ጠፋ ብዬ የምጠይቅ አንድ ዜጋ ነኝ። በደብዳቤዬ የጠቀስኳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ ካልሆነ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ካለ አንድ የልብስ መደብር ሸሚዝ ገዛሁ። አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ምልክት ገልጬ ሳነብ «በኢትዮጵያ የተሠራ» ትላለች። መደብሩ ውስጥ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ሐዋሳ ላይ ከማሽን ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ልጅ የሰፋችውን ልብስ እኔ ከውቅያኖስ ማዶ ልለብሰው ነው። ሸሚዙ ዛሬም አለኝ፤ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ሌላ ለመግዛት ወደዚያው መደብር ብመለስ ግን በየምልክቱ ላይ ያገኘሁት የሌሎች አገሮችን ስም ነው። ከመደብሩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው የምግብ መሸጫ ደግሞ «ይርጋጨፌ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቡና ከረጢት ከመደርደሪያው ላይ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ እዚህ ስኖር ጦርነት መጥቶ ሄዷል፣ ፕሬዚዳንቶች ተቀያይረዋል፣ ማዕቀብና ታሪፍ ተፈራርቀዋል። ያ ስም ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሸሚዙ ለምን ጠፋ? ስሙስ ለምን ቀረ? ደብዳቤዬን ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ እናንተ በየዕለቱ «የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ» የምትሉት ሥራ ዋና ቁም ነገር ነው። ሸሚዙ ወደ አሜሪካ ገበያ የገባው በችሮታ ነበር። ቡናው ግን በስሙ ገባ፤ ስሙም በአሜሪካ ሕግ ፊት የተመዘገበ የኢትዮጵያ ንብረት ነው።

ስለ ችሮታው ልጀምር። አጎዋ ብለን የምንጠራው ሕግ በሜይ 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ ጸደቀ። በ2015 ለአሥር ዓመት ታድሶ ዘመኑ እስከ ሴፕቴምበር 2025 ተራዘመ። ለአንዳንድ የልብስ ዓይነቶች ከ30 በመቶ በላይ የሚደርሰውን ቀረጥ ለተመረጡ የአፍሪካ አገሮች ወደ ዜሮ የሚያወርድ ሕግ በመሆኑ ጥቅሙ ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን እንደ ስምምነት ብንናገርለትም አጎዋ ስምምነት አልነበረም። ኢትዮጵያና አሜሪካ ተቀምጠው የተደራደሩበትና ሁለቱም የፈረሙበት ሰነድ የለም። አንድ ምክር ቤት በራሱ ፈቃድ ያወጣው ሕግ ነው። የትኛው አገር መግባት እንዳለበት፣ የትኛው መውጣት እንዳለበት በየዓመቱ የሚወስነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ከመስፈርቶቹ መካከልም የአሜሪካን ብሔራዊ ደህንነትና የውጭ ፖሊሲ ጥቅም የሚጻረር ተግባር አለመፈጸም የሚል አለበት። ይህን መስፈርት የሚተረጉመው ያው ችሮታውን የሰጠው ወገን ነው።

በዚህ መሠረት ላይ እኛ ሐዋሳን ገነባን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጁላይ 2016 ተመረቀ። የግንባታው ፍጥነት ዓለምን አስገረመ፤ ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎችም ገቡበት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከዙሪያው ገጠር የመጡ ሴቶች ልጆች፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እዚያ ተቀበሉ። በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑንና ይህም ካጠናቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፎ ነበር። ለድርድር ይዘን የቀረብነው የእነዚህን ልጆች ጉልበት ርካሽነትና የሌላ አገር ምክር ቤት የሰጠንን የቀረጥ ነጻ ዕድል ነበር። ሁለቱም የእኛ ጥንካሬ አልነበሩም።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኖቬምበር 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከማሊና ከጊኒ ጋር ከአጎዋ እንደሚያስወጡ አስታወቁ፤ ውሳኔው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ጸና። በፓርኩ ውስጥ ግንባር ቀደም የነበረው አሜሪካዊ ኩባንያም በዚያው ኖቬምበር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። በዚያ ጦርነት የፈሰሰውን የወገን ደም ለማቃለል አልጽፍም፤ ስለ ሰብዓዊ መብት የተነሣውም ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው። ነገር ግን የቅጣቱ በትር ማን ላይ እንዳረፈ ሁላችንም አይተናል። ጦርነቱን ያላወጀችው፣ ጠመንጃ ያልነካችው፣ የወር ደመወዟን ከፍላ ለእናቷ የምትልክ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ገጠሯ ተመለሰች። የሰላም ስምምነቱ በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። አጎዋ ግን የሕጉ ዘመን በሴፕቴምበር 2025 እስኪያልቅ ድረስ አልተመለሰልንም። ለመውጣት ሁለት ወር በቅቶናል፤ ለመመለስ ሦስት ዓመት አልበቃንም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። ማዳጋስካር ከ2009ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከአጎዋ ወጥታ እስክትመለስ 2014 ደረሰ፤ እስከዚያው የልብስ ፋብሪካዎቿ ተራቁተዋል። ሩዋንዳ የራሷን የልብስ ኢንዱስትሪ ለማሳደግ ብላ በ2016 በልባሽ ጨርቅ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ ሁለት ዶላር ተኩል ከፍ አደረገች። የአሜሪካ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ለመንግሥቱ አቤት አለ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከሐሳቡ ሲያፈገፍጉ ሩዋንዳ ግን ጸናች፤ በጁላይ 2018ም ለልብስ የነበራትን የቀረጥ ነጻ ዕድል አጣች። መጽናት የቻለችው ለአሜሪካ የምትሸጠው ልብስ ጥቂት ስለነበር ነው። ሌሴቶን ደግሞ እንመልከት። ለአሜሪካ ገበያ ጂንስ በመስፋት የምትኖር፣ ማንንም ያላስቀየመች ትንሽ ተራራማ አገር ናት። በኤፕሪል 2025 የ50 በመቶ ታሪፍ ታወጀባት፤ ኋላ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ቢልም በመካከሉ ትዕዛዝ ተሰርዟል፣ ሰው ከሥራ ወጥቷል። ጦርነት ያለበትም፣ የሌለበትም፣ የታዘዘም፣ እንቢ ያለም በአንድ ገበያና በአንድ ችሮታ ላይ ከተንጠለጠለ መጨረሻው ይኸው ነው።

አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ይህ ማለት የሰጡንን አንቀበል ማለት አይደለም። በተቀበልነው ዕድል ውስጥ ሆነን፣ ዕድሉ ሳያልቅ፣ የራሳችን የሆነ ነገር እንሥራ ማለት ነው። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ደግሞ ከሌላ አገር መማር አያስፈልገንም። አንድ ጊዜ እኛው ራሳችን አድርገነዋል።

ወደ ቡናው ልሂድ። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘግብ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ድፍረቱ ግን ቀላል አልነበረም። ገዢው ለስሙ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል፤ የስሙ ባለቤት ግን ማንም አልነበረም። ባለቤት የሌለው ስም ያስገኘው ትርፍ ደግሞ ባሕር ማዶ ይቀራል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ስሞቹ የወል መጠሪያ ሆነዋል ብሎ ተቃወመ። የሐረርና የሲዳሞ ማመልከቻዎች በመጀመሪያ ውድቅ ተደረጉ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል የያዘ የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ከእኛ ቀድሞ አመልክቶ ነበር።

የኛ ሰዎች ያኔ ምን አደረጉ? በጽሕፈት ቤቱ ዋና ዳይሬክተር በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ የተመራው ቡድን የአሜሪካን ሕግ ራሱን መሣሪያ አደረገ። አልነግድም ብሎ አላኮረፈም፤ እርዳታም አልለመነም። ማስረጃ ሰብስቦ፣ የሕግ ባለሙያ አቁሞ ተከራከረ። ተቃዋሚዎቹ በንግድ ምልክት ፋንታ የምንጭ ማረጋገጫ ምልክት ውሰዱ አሉ። የኛ ወገን በጥሞና መረመረውና አይሆንም አለ። ቡናችን የሚበቅለው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትናንሽ ማሳዎች ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ከረጢት ተከታትሎ የማረጋገጥ ወጪው አርሶ አደሩን ያደኸየዋል እንጂ አይጠቅመውም። የንግድ ምልክት ግን ስሙን ማን በምን ሁኔታ እንደሚጠቀምበት የመወሰን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ይሰጣል። ከዚያም ስሙን ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች ያለ ክፍያ ፈቃድ እንስጥ፤ እነሱ በምላሹ ባለቤትነታችንን ያውቁልን፣ ስሙንም ያስተዋውቁልን የሚል ብልህ መንገድ ቀየሱ።

በ2006 መጨረሻ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኦክስፋም የሕዝብ ዘመቻ ሲጀምር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቡና ጠጪዎች ለስታርባክስ ጻፉ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋገሩ። በጁን 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ የስርጭት፣ የማስተዋወቅና የፈቃድ ስምምነት መፈረማቸው ተነገረ። የይርጋጨፌ ምዝገባ በ2006 ተጠናቅቆ ነበር፤ ሲዳሞና ሐረርም ተራ በተራ ተከተሉ። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት ከአጎዋ ሲያስወጣን ቡናችን በዚያው ገበያ ላይ በስሙ መሸጡን ቀጠለ። ስሙን የሚሰርዝ የፕሬዚዳንት ውሳኔ የለም፤ ለመሰረዝ ሕግና ችሎት፣ ማስረጃና ክርክር ያስፈልጋል። መብትን ከችሮታ የሚለየው ይኸው ነው።

ብራዚል በጥጥ ጉዳይ ያደረገችውም ከዚህ ጋር አንድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለጥጥ አምራቾቹ የሚሰጠው ድጎማ የዓለምን ዋጋ ያወርዳል ብላ በ2002 ለዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። ዓመታት የፈጀ ክርክር አሸነፈች፤ በ2014 ጉዳዩ ሲቋጭ 300 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላት። በዚያው ዘመን፣ በ2003፣ ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ማሊና ቻድ በዚያው ድጎማ ስለሚጎዳው አርሶ አደራቸው በዚያው ድርጅት መድረክ አቤቱታ አቀረቡ። ጥያቄያቸው ከብራዚል ጥያቄ ያነሰ ፍትሐዊ አልነበረም። ሆኖም ብራዚል ከሕግ ባለሙያዎች፣ ከቁጥርና ከክስ መዝገብ ጋር ቀረበች፤ እነሱ የቀረቡት በአብዛኛው በልመና ነበር። ያገኙትም በዚያው ልክ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን ጉድለት ልናገር፤ ውዳሴ ብቻ የሚጻፍበት ደብዳቤ አይጠቅማችሁምና። ስሙን ዋሽንግተን ላይ ካስከበርን በኋላ አገር ቤት አልጠበቅነውም። በ2008 መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር ግብይቱ ሥርዓት ያዘ፤ ሚዛንና ክፍያ ታመነ። ይሁን እንጂ ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ሲቀላቀል ከየትኛው ማጠቢያ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ የሚታወቅበት ዱካ ጠፋ። ስፔሻሊቲ ቡና የሚፈልገው ገዢ የሚጠይቀው ደግሞ በትክክል ያንን ዱካ ነበር። ይህ እስኪሻሻል፣ አምራቹና አቅራቢው በቀጥታ የሚሸጡበት መንገድ እስኪከፈት ድረስ 2017 ደረሰ። ስምን በሕግ ማስመዝገብ የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ በእሸት ቡና ለቀማ፣ በማጠቢያ ጣቢያና በመጋዘን ውስጥ ነው።

የጤፍ ነገር ከዚህም ይብሳል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዝርያ የመጠቀምና ጥቅሙን የመጋራት ውል ፈረምን። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ ቆይቶም በ2009 ከሰረ። ለኢትዮጵያ የቀረላት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም ብሎ ሲወስን ደስ ብሎን ነበር። ከሳሽና ተከሳሹ ግን ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። በእናቶቻችን እንጀራ ላይ በፍርድ ቤት ሲሟገቱ እኛ ከተመልካች ወንበር ላይ ነበርን። አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፤ በቡናው ነቅተን ነበር፣ በጤፉ ተኝተን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአገር ድህነት ወይም የአገር ሀብት አይደለም። በአንደኛው ጉዳይ ላይ ዓመታት የቆየ፣ ነገሩን ከሥር የያዘ ቡድን ነበር፤ በሌላው አልነበረም።

ነቅቶ መዋዋል ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከአሜሪካ ጋር ያለን የንግድ ታሪክ ረጅም ነው። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ስኪነርን ያን ያህል መንገድ ካስጓዙት ነገሮች አንዱ ጥጥ ጨርቅ ነበር። አቡጀዲ የምንለው ዓይነት የአሜሪካ ጨርቅ ገበያችንን ሞልቶት ነበርና ያንን ገበያ መጠበቅ ፈለጉ። ምኒልክም ውሉን የፈረሙት ጨርቅ ለመግዛት ብቻ ብለው አይደለም። ዙሪያቸውን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከበዋቸው ነበር፤ ከአድዋ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ አገራቸው ከሩቅ ኃያል መንግሥት ጋር በእኩልነት የምትዋዋል መሆኗን በወረቀት ማስመስከር ነበረባቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እኛ ለአሜሪካ ጥጥ ልብስ ሰፊዎች ሆንን። በዚያ ጊዜ በእጃችን ውል ነበረን፤ በዚህ ጊዜ አልነበረንም።

ጠንከር ያለ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ኃያል መንግሥት ሲፈልግ ውልም ይቀድዳል፣ ሕግም ይለውጣል፤ ታዲያ ወረቀት ምን ያደርጋል? የሚል ነው። እውነት አለው። በ2025 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆኑ ብዙ አገሮች በአሜሪካ ታሪፍ ተመተዋል። የተመታው ሁሉ ግን እኩል አልተጎዳም። ቬትናምን ተመልከቱ። ከአሜሪካ ጋር ሚሊዮኖች ያለቁበት ጦርነት ተዋግታለች፤ ማዕቀቡ የተነሣላት በ1994፣ የዲፕሎማሲ ግንኙነቱ የታደሰው በ1995 ነው። የሁለትዮሽ የንግድ ስምምነት በ2000 ፈረመች፤ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነቷን በ2007 አገኘች። በ2023 ሴፕቴምበር ፕሬዚዳንት ባይደንን ሃኖይ ላይ ተቀበለች፤ ከሦስት ወር በኋላ የቻይናውን ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግን፣ በ2024 ጁን ደግሞ ፕሬዚዳንት ፑቲንን አስተናገደች። በኤፕሪል 2025 የ46 በመቶ ታሪፍ ሲታወጅባት መሪዋ በቀናት ውስጥ ስልክ ደውለው ተደራዳሪ ላኩ፤ በጁላይ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ሃያ በመቶም ያማል። ነገር ግን ቬትናም የምትሰጠውና የምትነሣው ነገር ነበራት፤ ጠረጴዛውን የሚያውቁ ሰዎችም ነበሯት።

እኛም ከዚህ የምንጠቅሰው አለን። የሕዳሴው ግድብ ድርድር በዋሽንግተን ከተካሄደ በኋላ በ2020 እርዳታ በመያዝ ጫና ተደርጎብናል። ግድቡ ግን አልቆመም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ አበዳሪ ሳይሆን ከአገር ቤት የመጣ ነበር። መምህሩ ከደመወዙ፣ አርሶ አደሩ ከመኸሩ፣ እዚህ ያለነው ከላባችን ቦንድ ገዝተናል። በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ። የራስ የሆነ ነገር ሲኖር ጫና ሥራን ያዘገይ እንደሆነ እንጂ አያስቀርም።

ይህን የምለው በአሜሪካ ላይ ለማነሣሣት አይደለም። አሜሪካ የእኔና የልጆቼ መኖሪያ፣ የቡናችንም ትልቅ ገዢ ናት። መለኪያው ለሁሉም ኃያል አንድ ይሁን ነው የምለው። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ የብሪክስ አባል ነን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከዋሽንግተን ችሮታ ወጥቶ በቤጂንግ ችሮታ መግባት መንገድ መቀየር አይባልም። የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር ብድር መክፈያ በ2018 ከአሥር ወደ ሠላሳ ዓመት ሲራዘምልን እፎይ ብለናል። መጀመሪያውኑ በአሥር ዓመት እንከፍላለን ብለን የፈረምንበትን ስሌት ግን ማን መረመረው? በ2014 በዶላር የሸጥነው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ በዲሴምበር 2023 ሳንከፍል ስንቀር የተማርነውስ የት ተጽፎ ይገኛል?

ስለዚህ ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቋሚ የንግድ ተደራዳሪዎች ቡድን ይኑረን። ሹመት ሲቀየር የማይበተን፣ አንድን ጉዳይ አሥር ዓመት ይዞ የሚቆይ፣ የአሜሪካን፣ የአውሮፓን፣ የቻይናንና የባሕረ ሰላጤ አገሮችን የንግድ ሕግ እንደ ራሱ ቋንቋ የሚያነብ ቡድን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሁለት ወር ጥድፊያ የሚገባ ድርድር በሁለት ወር ይፈርሳል። ቡናውን ያስከበሩት ሰዎች እውቀታቸው በመዝገብ ይቀመጥ፤ ወጣቶቹም ከእነሱ ይማሩ።

ሁለተኛ፣ ስሞቻችንን ሁሉ አስመዝግቡ። ጉጂ፣ ሊሙ፣ የትግራይ ነጭ ማር፣ ኮረሪማ፣ የሸማኔዎቻችን ጥበብ፣ የጤፍ ዝርያዎቻችን፤ ገዢ ባለበት አገር ሁሉ፣ ሌላው ሳይቀድመን። የምዝገባው ወጪ ለአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከምናወጣው ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከትነው በ2003 ነው፤ ሃያ ዓመት ያለፈውን ጉዞ ቋጩት። አባልነቱ ዛሬ እንደ ትናንቱ ጋሻ ባይሆንም ያለ እሱ አቤት የምንልበት ደጅ እንኳ የለንም። በ2019 ያጸደቅነውን የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣናም ለሞጆው ቆዳ ፋብሪካ፣ ለአዳማው ዱቄት ፋብሪካ ገበያ አድርጉት። ጎረቤት ገዢ ያለው አምራች ሩቅ ያለው ገዢ ሲቆጣው ብቻውን አይቀርም።

አራተኛ፣ ከባለሀብት ጋር የሚፈረም ውል ለሠራተኛይቱም ይቁም። ፋብሪካ ሲዘጋ የስንብት ክፍያዋን፣ ሌላ ሥራ እስክታገኝ መቆያዋን፣ የተማረችውን ሙያ የሚያስመሰክርላትን ወረቀት የሚያረጋግጥ አንቀጽ ይኑር። የመነሻ ደመወዝ ወለልም ይታሰብበት። በርካሽ ሠራተኛ የመጣ ኩባንያ ከእኛ የረከሰ ባገኘ ቀን ይሄዳል።

አምስተኛ፣ የፈረማችሁትን አሳዩን። የንግድና የብድር ውሎች ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይታተም። አርሶ አደሩና ልብስ ሰፊዋ በስማቸው ምን ቃል እንደተገባ ይወቁ። የሚያውቅ ሕዝብ ከኋላው የቆመለት ተደራዳሪ አንገቱን ቀና አድርጎ ይናገራል።

አንድ ቃል ደግሞ ለእናንተ፣ በውጭ ለምትኖሩ ወገኖቼ። በ2021 መጨረሻ ብዙዎቻችን በዋሽንግተን ጎዳናዎች ወጥተን ጮኸናል። የጮኽነው ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ ነበር፤ እርስ በርሳችንም ተከፋፍለን ነበር። የወረዳችንን የኮንግረስ ተወካይ በሰላሙ ጊዜ እንወቀው። ለሐዋሳዋ ልጅ ሥራ ስንሟገት የየትኛው ብሔር ልጅ ናት ብለን አንጠይቅ። በየሱቁ ኢትዮጵያዊ ቡና ስንገዛ ከረጢቱን አገላብጠን ስሙ በፈቃድ መዋሉን እንጠይቅ። ይህ ከሰልፍ ያነሰ አገልግሎት አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ያ ሸሚዝ ወንበሬ ላይ ተሰቅሏል። የሰፋችው ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። እሷን ወደ ሥራዋ የሚመልሳት የሌላ አገር ፕሬዚዳንት በጎ ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን የማድረግ ኃላፊነት በእጃችሁ ነው። በ2005 አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት፣ ጥቂት ባለሙያዎችና ሦስት የቡና ስሞች ከዓለም ትልቁ ገበያ ጋር ተከራክረው ረትተዋል። መዝገቡ በቤታችሁ አለ። እባካችሁ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ከዚያም ሥራውን ካቆመበት ቀጥሉት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ወገናችሁ ነኝ፤
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ